«እስከ መቶ ይቆጥራል፤ ሦስት ድንች አምጣ ስለው ግን ቅርጫቱን ይዞ ይመጣል!»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 23 ሲሆን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የ9 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም ነግሮናል። ከ1 እስከ 100 ሳይሳሳት ያንበለብለዋል። «ሦስት ድንች አምጣልኝ» ስለው ግን ቅርጫቱን እንዳለ ይዞልኝ ይመጣል። አስተማሪው «ሒሳብ አይገባውም» ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። አባባ ደግሞ «በከንቱ ከሚመላለስ አንኮበር አያቱ ጋ ሄዶ በግ ይጠብቅ» እያለ ነው። እኔ ግን ሆዴ አልቆረጠም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ጭንቅ የያዛት እህት

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ሆድሽ አለመቁረጡ ደግ ነው። ወንድምሽ ሰነፍ አይደለም። ቁጥር ማንበልበልና ብዛት ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ማንበልበሉ እንደ ዘፈን በቃል የሚያዝ ነገር ነው። «ሦስት» ማለት ይህን ያህል ነው፣ እዚህ ላይ ያበቃል የሚለው ግን ሌላ ትምህርት ነው። ቅርጫቱን የሚያመጣውም የት ማቆም እንዳለበት የሚያሳየው ስላጣ ይሆናል።

ስለዚህ መቶውን ተዪውና በሦስት ጀምሪ። ካርቶን ላይ ሦስት ክብ ሳዪ። በእያንዳንዱ ክብ አንድ አንድ ድንች ያስቀምጥ። ሲሞላ «ሦስት፤ በቃ» በዪው። ነገ ደግሞ በባቄላ፣ ከነገ ወዲያ በቆርኪ ድገሚው። ሁልጊዜ በድንች ብቻ ከሆነ ግን «ሦስት» የድንች ስም ሊመስለው ይችላል! ዕቃው ሲለምድለት ሥዕል፣ ከሥዕሉ በኋላ 3 የሚለውን ቁጥር አስከትዪ። መደመርም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

ወሬ አታብዢበት። «ትናንት ታውቀው አልነበር እንዴ?» ማለት ያደናግረዋል። «ሦስት ስጠኝ» በዪና ዝም ብለሽ ጠብቂ። ባጃጅ የሚወድ ከሆነ ባጃጅ ይቁጠር። ቁጣና ኩርኩም ግን ሒሳብን እንዲጠላ ብቻ ነው የሚያደርጉት።

ለአስተማሪውም ይህንኑ በትሕትና አስረጂያቸው። በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ያውም በሥዕል፣ እንዲሰጡት ለምኛቸው። ሥራን ከፋፍሎ መጀመሪያና መጨረሻውን በዓይን ማሳየት በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው «ቲች» የተባለው ፕሮግራም የሚታወቅበት ዘዴ ነው። እዚሁ አገራችንም ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍተዋል።

እርግጥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ በሒሳብ ጓደኞቹን ያስከነዳል፤ ሌላው አምስትን ለማወቅ ወራት ይፈጅበታል። ወንድምሽን ከትናንት ራሱ ጋር እንጂ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሪው።

ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ የከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ጠይቂ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይላል።

አባታችሁን ደግሞ አትሟገቻቸው። አንድ ቀን ሦስቱን ቆጥሮ ሲያቀብላቸው በዓይናቸው ይዩት። አንኮበር ለክረምት ዕረፍት ይሂድ፤ የአያቱን እንቁላል ይቁጠር። ለነገሩ በግ ጠባቂስ ቢሆን፣ ማታ በጎቹ ሲገቡ አንዷ መጉደሏን በምን ያውቃል? ቆጥሮ አይደል እንዴ!