ሣር ያለበት ሜዳ ባዶ መሬት አይደለም

እንጅባራ ቁጭ ብዬ ስለ ነገሌ ወፍ መጻፌ ይገርማችሁ ይሆናል። የሊበን ላርክ ትባላለች፤ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ጎጆዋን መሬት ላይ ሣር ውስጥ የምትሠራ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች፣ ደሴቶችን ሳይጨምር፣ በዘመናችን ከአፍሪካ የምትጠፋ የመጀመሪያዋ ወፍ ልትሆን ትችላለች ብለው አስጠነቀቁ። አዳኝ አይደለም የጨረሳት። የሊበን ሜዳ ታረሰ፣ ቁጥቋጦ ወረሰው፣ የቀረው ከልክ በላይ ተጋጠ። ተስፋው ያለው አርብቶ አደሩ “ካሎ” በሚለው የተከለለ ግጦሽ ላይ ነው፤ ሣሩ ሲያገግም ወፏም ከብቱም ይተርፋሉ።

እኛ ጋ ደግሞ መሬቱን ዲከረንስ እየሸፈነው ነው። የከሰል ገቢው ብዙ ቤት ቀይሯል፤ አልቃወምም። ግን ትርፉን ስናሰላ የሣሩንም ዋጋ እንቁጠር እንጂ! ጥር 23 የምንኮራበት ፈረስ ከሰል አይበላም።