አሳዳጅ ሁሉ ሕመምተኛ ነውን?

ሰውን ያለ ፈቃዱ እግር በእግር እየተከታተሉ ማስጨነቅን አንዳንዱ ፍቅር፣ አንዳንዱ እብደት ይለዋል። ሁለቱም አባባል የተጎጂውን ጭንቀት ያቃልላል።

በእርግጥ ነገሩ ሕመም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፈረንሳዊው የአእምሮ ሐኪም ክሌራምቦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 እንዳስረዳው፣ አንዳንድ ሕመምተኛ በማዕርግ የሚበልጠው ሰው በምሥጢር እንደሚያፈቅረው አጥብቆ ያምናል፤ እምቢታውን እንኳ የፍቅር ምልክት አድርጎ ይተረጉመዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ተግሣጽ ብቻ አይመልሰውም፤ ሕክምና ያሻዋል።

ይሁን እንጂ ብዙ አሳዳጆች በቅናት፣ በቂም ወይም በእልህ ተነሣሥተው የሚሠሩትን እያወቁ ይሠራሉ። የእነርሱን በደል በሕመም ማሳበብ ማንንም የማያሳድዱትን ሕሙማን ማማት ነው። ስለዚህ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በዚያው አቆጣጠር በ1990 ድርጊቱን ወንጀል ብሎ መደንገጉ ተገቢ ነበር። ሐኪም የታመመውን ይርዳ፤ ሕግም የተሳደደውን ይጠብቅ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።