ሁለት ዲስክ፣ አንድ ቀብር

ጎበዝ፣ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ መሥሪያ ቤት «አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው አለ» ብሎ አጽናናን። ሁለቱም ግን ቨርቹዋል ናቸው፤ የተኙትም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው! እሱ ሲሞት አብረው ይቀበራሉ። «አንዱን ነቅላችሁ ሞክራችኋል?» አልን። ዝም።

ሙከራው እኮ በነፃ ነው! ሊነክስ ላይ ሁለት ባዶ ፋይሎችን እንደ ዲስክ አድርጋችሁ በ«ኤምዲአድም» በሬይድ 1 አጣምሩ። አንዱን ሆን ብላችሁ «ተበላሽቷል» በሉት። ፋይሉ ይከፈታል? በምትኩ አዲስ ስትጨምሩ መልሶ ይገለብጣል? ይህ መለማመጃ ነው፤ ለሥራው ግን ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ያስፈልጋሉ።

ያም ሆኖ፣ በስህተት የሰረዛችሁት ከሁለቱም ይጠፋል። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ የግድ ነው። በ1973 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው ሥራ በማይክሮፊልም የተነሡት የሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ብራናዎች ቅጂ ሚኒሶታ ድረስ ተቀምጧል። የእናንተስ ቅጂ የት ነው? እዚያው ክፍል፣ እዚያው ሶኬት ላይ?