የዕድር ደብተርና የሶሲዮሎጂ ዲግሪ

«ሶሲዮሎጂ ተምሮ ምን ይኮናል?» የሚለውን ጥያቄ ሃያ ዓመት ያህል ስሰማው ኖሬአለሁ። የመጀመሪያው ጠያቂ አጎቴ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ምደባዬ የመጣ ዕለት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ «ሕግ ነው?» አለኝ። አይደለም አልሁት። «አካውንቲንግ?» አይደለም። በምርጫ ቅጹ ላይ አራተኛ አድርጌ የሞላሁትን የትምህርት ዘርፍ ስም ስነግረው ቃሉን ሁለት ጊዜ ደጋገመና፣ «ስለ ኅብረተሰብ ነው እንዴ? ስለ ኅብረተሰቡማ እኛም እናውቃለን» ብሎ ሲኒውን አስቀመጠ። እናቴ ብቻ «ይሁን፤ ዲግሪ ነው» አለች።

ይህን የምጽፈው ለአጎቴ መልስ ለመስጠት አይደለም። የሙያው ተከላካዮች ብዙውን ጊዜ ክርክራቸውን የሚጀምሩት የሥራ ዝርዝር በመደርደር ነው፦ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት፣ የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር። እኔ ይህን መከላከያ አልወደውም፤ የተከሰሰው ዕውቀቱ ሆኖ ሳለ ስለ ደመወዝ ይመልሳልና። የእኔ ክርክር ከሌላ ወገን ጋር ነው። አጎቴ ስለ ሶሲዮሎጂ ተሳስቶ ነበር፤ እኔ ስለ ተቀበልሁት ዲግሪ ግን አልተሳሳተም።

በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ተማርሁ? ሃንድአውት ተማርሁ። ኦጉስት ኮምት የሙያውን ስም አወጣ፤ ካርል ማርክስ ስለ መደብ፣ ማክስ ዌበር ስለ ፕሮቴስታንት ሥነ ምግባር ጻፉ፤ ኤሚል ዱርኬም ራስን ማጥፋትን በአራት ከፈለው። «አራቱን ዐይነቶች ዘርዝር» ተብሎ በፈተና ይመጣል፤ ዘርዝረን አሥር ከአሥር እናገኛለን። ያ ሰው በ1897 እ.ኤ.አ. የታተመውን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ግን ትርጉም እየሸመደደ አልነበረም። የአውሮፓ አገሮችን የሞት መዛግብት ሰብስቦ ያገባውን ካላገባው፣ ካቶሊኩን ከፕሮቴስታንቱ እያነጻጸረ፣ «እጅግ የግል የሚመስለው ይህ ሥራ እንኳ በየማኅበረሰቡ መጠኑ የሚለያየው ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛ መልሱን ወረስን፤ ጥያቄውን ግን ማንም አላወረሰንም። የዱርኬምን አራት ክፍሎች በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ በሰፈሩ የሞት መዝገብ ማን ዘንድ እንደሚገኝ አያውቅም። የዕድር ጸሐፊ ዘንድ ነበር።

ስለ ዕድር ካነሣሁ ኑዛዜዬን ልቀጥል። የመመረቂያ ጽሑፌ የዕድሮች ሚና ኤችአይቪ ኤድስን በመከላከል ረገድ የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ረጂ ድርጅቶች ዕድርን ያገኙበት ጊዜ ስለነበር ከክፍላችን ብዙዎቻችን ወደዚያው ነጎድን። ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት የቀደሙ ተማሪዎች ጽሑፍ በፍላሽ ይሸጥ ነበር፤ እኔም መጠይቄን ከዚያ ገልብጬ ወደ አማርኛ መለስሁት። ምርጫዎቹ አምስት ነበሩ፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አስተያየት የለኝም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። ስድሳ ወረቀት ማስሞላት ነበረብኝ። አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ለአንተ የሚበጅህን ምልክት አድርግበት» አሉኝ። እንዳሉኝም አደረግሁ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ብቸኛ ግኝት ይህ የእኒያ እናት ቃል ነበር። ለመጣ እንግዳ «አይደለም» ማለት ነውር በሆነበት ሰፈር «በጣም እስማማለሁ» ምን ማለት ነው? አንድ ሰው ለተማሪ፣ ለቀበሌ ሠራተኛና ለጎረቤቱ አንዱን ነገር በስንት መልክ ይናገረዋል? ይህን ብጠይቅ ኖሮ ሶሲዮሎጂ መማር በጀመርሁ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ ሄድሁ። ስድሳ ስላልሞላልኝም የመጨረሻዎቹን አሥራ አንዱን ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ራሴ ሞላኋቸው። ኤ አገኘሁበት። ግቢውን በስም አልጠራም፤ በሌላም ግቢ እንዲሁ እንደነበር ከጓደኞቼ ሰምቻለሁና።

ቅጣቱ የመጣው ከተመረቅሁ በኋላ ነው። እናቴ በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበችበት የኮንዶሚኒየም ዕጣ በ2003 ዓ.ም. ወጣላትና ከአዲሱ ገበያ ወደ ጀሞ ተዛወርን። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ስም ያውቃል፤ ጎረቤት አያውቅም። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ ጫፍ ወደቁ። እናቴ ግን በየወሩ አንድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሦስት ታክሲ እየቀያየረች፣ የዕድር ለመክፈል ወደ አዲሱ ገበያ ትመለሳለች። የታክሲው ሒሳብ ከመዋጮው ይበልጥ ነበር። «እዚህ ዕድር የለም እንዴ?» ብዬ ብቆጣት፣ «አለ፤ እሱም ውስጥ ገብቻለሁ። የእዚህኞቹ ድንኳን ይጥሉልኛል፤ የሚያለቅሱልኝ ግን የእዚያኞቹ ናቸው» አለችኝ።

የማኅበራዊ ትስስርን ትርጉም በቃሌ የማውቅ ባለ ዲግሪ ነበርሁ። እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝን ልዩነት ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ሃንድአውት አልነገረኝም። ስለ ዕድር ሃምሳ ገጽ ጽፌ፣ የእናቴን ዕድር ደብተር አንድ ቀን እንኳ ገልጬ አላየሁም። ማን እንደቀረ፣ ማን እንደተቀጣ፣ ማን በምሕረት እንደታለፈ፣ ማን ከሰፈር እንደለቀቀና ማን ለቆም መክፈል እንዳላቆመ ሁሉም እዚያ ተጽፏል።

እዚህ ላይ አጎቴ «ያልሁት እኮ ይህንኑ ነው፤ እናትህ ሳትማር ታውቀዋለች» ሊል ይችላል። ጥሩ ክርክር ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። እናቴ የራሷን ታውቃለች። ከእሷ ጋር ዕጣ ከወጣላቸው ውስጥ ስንቶቹ እንደ እሷ እንደሚመላለሱ፣ ስንቶቹ እንደተቆረጡ፣ የተቆረጡትስ ድኾቹ ይሁኑ ወጣቶቹ ግን አታውቅም፤ አጎቴም አያውቅም። ደግሞም «ሁላችን እናውቃለን» የምንለው ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ዕድር ከአባት ከአያት፣ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው ብሎ የማያምን ስንት ሰው አለ? የታሪክና የኅብረተሰብ አጥኚዎች የሚነግሩን ግን ዛሬ የምናውቀው ዕድር ከከተማ መስፋፋት ጋር፣ በ20ኛው መቶ ዓመት፣ ዘመድ ከዘመዱ ርቆ በማያውቀው ሰው መካከል መኖር ሲጀምር የበቀለ መሆኑን ነው። እንግዳ ሰዎች ተሰባስበው ዘመድነትን በደብተርና በመዋጮ ፈጠሩ። ይህን ያወቀ ሰው የጀሞን ሕንፃዎች በሌላ ዓይን ያያቸዋል።

እኔ በተመረቅሁበት በ2000 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ጥናት እንዲመደቡ ወሰነ። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ አልከራከርም። ግን ሕንፃውን መሐንዲስ ቢሠራው፣ በሕንፃው ውስጥ ጎረቤትን ማን ይሠራዋል? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 መግቢያ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ስንት ዕድር እንደተከፋፈለ፣ ስንቱ አባላቱን በስልክ እየጠራ እንደቀጠለ፣ ድንኳኑና ድስቱ ለማን እንደቀረ መመዝገብ ሳተላይት አይጠይቅም። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በደብተርና በእስክሪብቶ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ከተላከ።

መላክ ለእኛ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሥነ ሕዝብ ጥናት ማኅበር አቋቁመው ያደጉበትን አካባቢ ልማድ እየጻፉ በራሳቸው መጽሔት ያሳትሙ ነበር፤ ያኔ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነበሩ። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን መንዝ ገብቶ ኖረና፣ ሰምና ወርቃችንን የአነጋገራችንና የአኗኗራችን ቁልፍ አድርጎ በ1965 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጣ። እስማማም አልስማማም፣ ያንን መጽሐፍ በሦስት ዓመት ውስጥ በእጄ አልያዝሁትም። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን የጻፈው የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስምም በአንድ ኮርስ እንኳ አልተነሣም። ይህ ሰው ሕዝባችን ለምን እንደደኸየ ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ የመረመረ ነው።

ሥራ ስለማጣትም አንድ ቃል። ቻርልስ ራይት ሚልስ በ1959 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ መቶ ሺህ ሰው ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢፈታ ጠባዩን፣ ሙያውን እንመርምር፤ ከሃምሳ ሚሊዮን ሠራተኛ አሥራ አምስት ሚሊዮኑ ሲፈታ ግን መመርመር ያለበት ሰውየው አይደለም። ቤት የተቀመጠው ተመራቂ እናቱ ፊት አንገቱን ሲደፋ፣ አንገቱን ቀና ሊያደርግለት የሚችለው ዕውቀት ይኸው ሰው ሁሉ የሚሥቅበት ትምህርት ነው። እኛ ግን ሚልስንም ለፈተና ነበር ያጠናነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል ይሉኛል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪው አራት ዓመት ሆኗል፤ ከ2015 ጀምሮም ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ከአራት አንዱን ማክበብ። ለሌላው ሙያ ይበጅ እንደሆነ አልናገርም። የሰው ልጅ መልስ ከአራት ፊደል አንዱ እንዳልሆነ ሊያስተምር የተቋቋመ ትምህርት ግን ፍጻሜው ይህ ሲሆን፣ ሃንድአውቱ አሸነፈ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ መጠይቅ ይዛ እናቴ ዘንድ መጣች። ሶሲዮሎጂ ትማራለች፤ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አስተያየት የለኝም... ቃል በቃል ነበር። እናቴ መነጽሯን ፈልጋ እስክትመለስ ድረስ፣ «ይህን ተዪውና እሑድ ከእሷ ጋር አዲሱ ገበያ ሂጂ፤ ዕድሩ ስም ሲጠራ ተቀምጠሽ ስሚ፤ ጸሐፊውንም ደብተሩን እንዲያሳዩሽ ለምኚያቸው» አልኋት።

ልጅቱ ጨዋ ናት። ጥቂት አሰበችና፣ «ጋሼ፣ መውጫ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አይመጣም አልኋት።