ሐይቅ በየትኛው «ሀ»?

ሐይቅ እስጢፋኖስን ሊሳለም የሄደ ቤተሰብ ገዳሙ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። የወንዶች ገዳም በመሆኑ አባትና ወንድ ልጅ ሲዘልቁ፣ እናትና ሴት ልጅ ውጭ ይቆያሉ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለገዳሙ ያበረከቱትን ወንጌል እናት ማየት ብትፈልግ የሚቀርባት ስልኳ ነው። የገዳሙ ብራናዎች በ1960ዎቹ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ተቀርጸው ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። እዚያ ለረጅም ዓመታት ካታሎግ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲው «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎችን መግለጫ ከነኮዱ ለማንም ክፍት አድርጎ ያወጣል።

ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር ልጅ ካለችዎት እንዲህ ያለ ክፍት ፕሮጀክት ጥሩ መለማመጃ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ሥራዋን ግን ማንኛውም ቀጣሪ ገብቶ ሊያየው ይችላል። መጀመሪያ ልትይዘው የምትችለው ሥራ ፍተሻ ነው፦ ድረ ገጹን ራሱ ከፍቶ፣ ጽፎ፣ ቁልፍ ተጭኖ ውጤቱን የሚያመሳክር ፕሮግራም መጻፍ። ብዙ ሰው በሚነካካው ኮድ ውስጥ ትናንት የሠራው ዛሬ ሊበላሽ ይችላላ!

ወጣቶች የሚጣሉት ስለ መሣሪያው ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ምን እንደሚፈተሽ ነው። «ሐይቅ» የሚለውን ሰው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጽፈው ይችላል። «እስጢፋኖስ» ላይ እ እና ዕ፣ ሁለት ቦታ ደግሞ ስ እና ሥ ይቀያየራሉ። ሲባዛ 48 ዓይነት አጻጻፍ ይሆናል። መፈለጊያው ሁሉንም አንድ አድርጎ ካላየ ብራናው እያለ «አልተገኘም» ይላል። 48ቱን በእጅ እየጻፈ በየሳምንቱ የሚሞክር ሰው የለም፤ ፕሮግራም ግን አይሰለቸውም።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 የተጀመረው ሰሌኒየም አንጋፋ ነው፤ ፕሮጀክቱ ቀድሞ የሚጠቀምበት ከሆነ መቀየር ድካም ነው። ከዜሮ ለሚጀምር ግን ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣውን ፕሌይራይትን እመርጣለሁ። ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ዋናው ምክንያቴ ሌላ ነው፦ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ብዙዎቹ አይፎን ይይዛሉ፣ ደሴ ያለችው ተማሪ ግን ማክ ኮምፒውተር ከየት ታመጣለች? ፕሌይራይት የአይፎኑ ሳፋሪ የተሠራበትን ሞተር በተራ ዊንዶውስ ላይ ያስነሳል። ትክክለኛውን አይፎን አይተካም፤ ብዙውን ስሕተት ግን ቀድሞ ያሳያል። ሳይፕረስ ለጀማሪ ደስ ይላል፣ በዚህ ሞተር ላይ ያለው ድጋፍ ግን ገና የሙከራ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ፊደሉ የሌለበት ስልክ «ሐይቅ»ን እንደ ባዶ ሳጥኖች ያሳያል። ፍተሻው ከኮዱ ቃሉን አንብቦ «ደህና ነው» ይላል፤ አያት የሚያዩት ግን ሳጥኑን ነው። ስለዚህ የገጹን ፎቶ አንስቶ ከቀድሞው ጋር የሚያመሳክረው ፍተሻም ይጨመር፤ ፕሌይራይት ውስጥ አብሮ ይገኛል። የመጀመሪያውን ፎቶ ግን ፊደል የሚያነብ ሰው አይቶ ያጽድቀው፤ አለበለዚያ ሳጥኑ ራሱ ትክክል ተብሎ ይመዘገባል።