የሰሊጡ ዶላር የት አደረ?

ከመተማና ከቋራ የተጫነ ሰሊጥ ጎንደርን አልፎ ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ሰሊጡ ወደ ገዥው ይሄዳል፤ ዶላሩ ግን ሁልጊዜ ሙሉውን ወደ ሀገር አይመለስም።

አሠራሩ ብዙም የረቀቀ አይደለም። አንድ ላኪ ኩንታሉን ለምሳሌ በ200 ዶላር ሸጦ በሰነዱ ላይ 150 ያስመዘግባል። 150ው በባንክ ይገባል፤ 50ው በውጭ ሀገር ሒሳቡ ይቀራል። ትርፉ በወረቀት ላይ ስላነሰ 30 በመቶ የሆነው የድርጅት የንግድ ትርፍ ግብርም አብሮ ያንሳል። በገቢ ንግድ ደግሞ ተገላቢጦሹ ይሠራል። ከቀረጥ ነፃ የሚገባ የእርሻ መሣሪያ ዋጋው ቢጋነን የሚጨምር ቀረጥ የለም፤ ልዩነቱ ግን ውጭ ሀገር ይቀራል። ግሎባል ፋይናንሺያል ኢንተግሪቲ የተባለ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ብቻ ከኢትዮጵያ 11 ነጥብ 7 ቢሊዮን ዶላር በሕገ ወጥ መንገድ መውጣቱን ገምቶ ነበር። ግምቱ የቆየ ነው፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም።

«ነጋዴው ከሰረቀ ከመንግሥት ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል አርሶ አደር ሊኖር ይችላል። አባባሉ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ዶላር በጠፋባቸው ዓመታት አንዳንድ ላኪዎች ዶላሩን ለማግኘት ሲሉ ብቻ ሰሊጥን ከዓለም ገበያ በላይ ከፍለው ይገዙ ነበር። አርሶ አደሩም በዋጋው ተደስቷል። ኪሳራውን ግን ላኪው አልተሸከመውም፤ በዶላሩ ባስገባው ቆርቆሮ፣ ዘይትና መለዋወጫ ላይ ጨምሮ ከዚያው አርሶ አደር ኪስ መልሶ ወስዶታል።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሀገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲመራ ተወሰነ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በግማሽ ዓመት ከ120 ብር አለፈ። ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ በዶላር የሚገዛ ነው። ድጎማው ጫናውን ቢያቃልልም፣ ውጭ የቀረው ዶላር ማዳበሪያ ሊገዛ ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። የተመኑ ለውጥ ዋጋ አሳንሶ ለማስመዝገብ ከሚገፋፉት ምክንያቶች አንዱን አዳክሟል፤ ግብር የመሸሹ ፍላጎት ግን ባለበት ነው።

አርሶ አደሩ የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብሩን የሚከፍለው ሄክታሩ ተለክቶ ነው፤ ማሳ አይደበቅም። ኬላ ላይ በአህያ ጭኖ የተያዘው ሦስት ኩንታል ዜና ይሆናል። ሰነዱ የተሟላለት ባለተሳቢ ግን ሰላምታ ተሰጥቶት ያልፋል።

ወረዳዎች ይህ የፌዴራል ጉዳይ ነው ማለት ይቀናቸዋል። የጉምሩክ ሥራ የእነሱ አይደለም፤ ሆኖም የዕለቱን የመግዣ ዋጋ፣ የተጫነውን ኩንታልና የገዛውን ሰው ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ይህ መረጃ ሳይውል ሳያድር ለገቢዎችና ለጉምሩክ ቢደርስ፣ ከገዛበት በታች ሸጥሁ ብሎ የሚያስመዘግብ ላኪ በየዓመቱ እየከሰረ በምን ገንዘብ ተጨማሪ መኪና እንደሚገዛ መጠየቅ ይቻላል። ይህ እንዲሆን ግን መዝገቡ መከፈት ያለበት ከአጨዳው በፊት ነው። ሰሊጡ ከወረዳው ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ሪፖርት ላኪው ያመጣውን ቁጥር ከመገልበጥ አያልፍም።