ለቡናው ጆንያ የተጠየቀው ለፌስታሉም ይጠየቅ

በ2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወደ ጃፓን የተላከ ቡና ሲመረመር ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘበት። ጃፓን በወቅቱ ከዋነኞቹ የቡናችን ገዢዎች አንዷ ስለነበረች ድንጋጤው ቀላል አልነበረም። ብዙውን ሰው ግራ ያጋባው ደግሞ አብዛኛው ገበሬያችን ቡናውን ያለ ፀረ ተባይ የሚያለማ መሆኑ ነው። ታዲያ ኬሚካሉ ከየት መጣ? ነገሩ ሲጣራ ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በታጨቀበት ጆንያ ላይ ነበር።

ጃፓኖች የሚፈልጉት እጅግ ጥቃቅኑን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋሉት ደንብ፣ የራሱ ወሰን ያልተቀመጠለት ፀረ ተባይ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ0.01 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። በእኛ ስሌት ይህ በ1,000 ኩንታል ቡና ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። እዚህ መጠን ላይ ለመድረስ ማሳ ላይ መርጨት አያስፈልግም። ቀድሞ ኬሚካል የነካው ጆንያ ይበቃል።

ጆንያ ሲወቀስም ያ የመጀመሪያው አይደለም። ጆንያ የሚሠራበት የጁት ቃጫ ሲፈተል እንዲለሰልስ ዘይት ይቀባል፤ ለረጅም ዘመን የሚቀባውም ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ የማዕድን ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በዙሪክ የሚገኙ የምግብ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ይህ ዘይት ከጆንያው ወደ ምግቡ እንደሚያልፍ ለክተው አሳዩ። በኋላም ዓለም አቀፉ የጁት ድርጅት 98/01 የተባለውን መስፈርት አወጣ፤ ለምግብ የሚሆን ጆንያ በአትክልት ዘይት ይለስልስ አለ። ገዢው ጠየቀ፣ ጆንያ አምራቹም አሠራሩን ለወጠ። ጥያቄ ያለው ኃይል ይህን ያህል ነው።

እዚህ አገር ቤት የሚበላውን ሰው ወክሎ ግን ማን ይጠይቅለታል?

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ቆማችሁ ተመልከቱ። ሽሮው እየተንተከተከ ከምድጃ ይወርድና በጭልፋ ተቀድቶ ስስ ፌስታል ውስጥ ይገለበጣል። ፌስታሉ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፤ ዘይቱ ቀልቶ ጥጉ ላይ ይጠራቀማል። አስተናጋጇ አፉን ትቋጥርና እንዳያፈስ ሌላ ትደርብበታለች። ገዢው አንጠልጥሎት ቢሮው ይደርሳል፤ ሥራ ከያዘውም ፌስታሉ እንደተቋጠረ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል።

ከመያዣ ወደ ምግብ የሚደረገውን የኬሚካል ጉዞ የሚያፋጥኑት በዋናነት አራት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀት፣ ቅባት፣ ኮምጣጣነትና ጊዜ። የሽሮው ፌስታል ሙቀትንም ቅባትንም ይዟል። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ሲጠቀለል ሙቀቱና ኮምጣጣነቱ አብረው አሉ። በጀሪካን ወራት የሚከርመው ዘይት ደግሞ ቅባትና ጊዜን ያጣምራል። ጀሪካኑ ቀድሞ ምን እንደነበረበት ካልታወቀ ጉዳዩ ይብሳል።

ይህን መለካት ይቻላል፤ አሠራሩም የታወቀ ነው። በአውሮፓ ደንብ ላቦራቶሪው በወጡ ፈንታ የወጡን ጠባይ የሚወክል ፈሳሽ ይጠቀማል። ለኮምጣጣ ምግብ 3 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ ለቅባታም ምግብ የአትክልት ዘይት ይወሰዳል። በተለመደው ፍተሻ ፕላስቲኩ ከፈሳሹ ጋር በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ10 ቀናት ይቆያል። ከዚያ የለቀቀው ይመዘናል፤ መዳፍ ከሚያህል አንድ ካሬ ዴሲሜትር ፕላስቲክ ከ10 ሚሊግራም በላይ መውጣት የለበትም። የወጣው ነገር ምን እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ጋዝ ክሮማቶግራፊና ማስ ስፔክትሮሜትር የተባሉት መሣሪያዎች ይሠራሉ። አንዳንዱ ንጥረ ነገር በጥቂቱም ስለማይፈቀድ ጠቅላላ ክብደቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም።

መለካት የሚያስፈልገው ለማስፈራራት አይደለም። ሳይለኩ ማስፈራራትም ሆነ ሳይለኩ ማረጋጋት ያው ግምት ነው። ለምሳሌ ፀሐይ ላይ የዋለ ሃይላንድ ቢስፌኖል ኤ ይለቃል ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። የውኃ ፕላስቲኩ ፔት ይባላል፤ የሚሠራውም ከቢስፌኖል ኤ አይደለም። እዚያ ላይ ላቦራቶሪ የሚፈልገው አንቲሞኒን ነው፤ ሙቀት ሲበዛ የሚለቀው መጠን ይጨምራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰንም በሊትር 20 ማይክሮግራም ነው። ቢስፌኖል ኤ የሚገኘው በጠንካራው ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክና በአንዳንድ ጣሳዎች የውስጥ ሽፋን ውስጥ ነው። የአውሮፓ ምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ለእሱ የፈቀደውን የቀን መጠን ከቀድሞው በ20,000 እጥፍ ዝቅ አድርጎታል። ስስ ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤትሊንም ራሱ በቀላሉ የሚሟሟ አይደለም። የሚያሳስበው አብሮት የሚገባው ማለስለሻ፣ ቀለም፣ የኅትመት ቀለምና ከየት እንደተሰበሰበ የማይታወቅ ዳግም የቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ከመንደር ሱቅ የሚገዛው ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከእነዚህ የትኛው እንዳለ በዓይን አይለይም።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሏል። ለወንዞቻችንም ለከብቶቻችንም መልካም ነው። ነገር ግን የፌስታሉን ቦታ የሚተካው ዕቃም ምግብ ይነካል። ቅባት እንዳያሳልፍ ተብሎ የሚቀባ ወረቀት ፒፋስ የተባሉትን ዘላቂ ኬሚካሎች ሊይዝ ይችላል፤ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2020 ከምግብ ወረቀት ያገደቻቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ዳግም የተሠራ ካርቶንም ከጋዜጣ ቀለም የመጣ የማዕድን ዘይት ይይዛል። ለዚህ ነው ትኩስ ሳምቡሳ በጋዜጣ ሲጠቀለል ዝም ማለት የማይገባን፤ ይህ ዓምድ የወጣበት ገጽም ለዚያ እንዲውል አልፈልግም። ያልተፈተሸን ዕቃ ባልተፈተሸ ዕቃ መተካት ለበላተኛው ምንም አይጠቅመውም።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብን የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከደረጃዎች ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ለምግብ የሚሸጥ መያዣ ሁሉ ለምግብ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይኑረው፤ ብዙ አገር የሚሠራበት የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ለዚህ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ናሙናው ከፋብሪካው ብቻ ሳይወሰድ ከሱቅና ከምግብ ቤት ይነሳ፤ ፍተሻውም በእኛ አበላል ልክ በትኩስ ሽሮና በጀሪካን ዘይት ይሁን። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ከነአምራቹ ስም በየጊዜው ይታተም። ተደብቆ የተቀመጠ ውጤት የሚጠቅመው አጥፊውን ብቻ ነው።

እናንተም አንባቢዎች እስከዚያው እጃችሁ ላይ ያለውን አድርጉ። ምሳ ስታስጠቀልሉ የብረት ምሳ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁ ወጡ በረድ ካለ በኋላ ይቀዳላችሁ። ዘይት ስትገዙ ጀሪካኑ በፊት ምን ተይዞበት እንደነበር ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ አትግዙ። የውጭ ገዢ ስለ ጆንያው በመጠየቁ ጆንያው ተለውጧል። የአገር ቤት በላተኛም የመጠየቅ መብቱ ከእሱ አያንስም።